የባዮኬሚስትሪ ቃላት አነባበብ አፕ፦ ድምፁም የቃሉ ታሪክም አሪፍ ነው፣ የማይኩ ነገር ግን ይታሰብበት

ይሄን አፕ የፈተንኩት አፖፕቶሲስ (ሴል ራሱን በስርዓት የሚያጠፋበት ሞት) በሚለው ቃል ነው፣ ምክንያቱም አንድ የአነባበብ አፕ የምር ይሰራ እንደሆነ ለማየት ከዚህ የተሻለ ቃል ያለ አይመስለኝም፣ አንዱ አስተማሪ አፖቶሲስ ይላል ሌላው አፖፕቶሲስ ይላል፣ ዩቲዩብ ላይ ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ቪዲዮ ውስጥ ትሰማላችሁ።

ቃሉን ስትፈልጉት የሚመጣው ገጽ ደስ ይላል። ድምፁ የማሽን አይደለም፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ናቸው የሚያነቡት፣ ቀስ የሚያደርገውን በተን ስትጫኑ ደግሞ አ፣ ፖ፣ ቶ፣ ሲስ እያለ ይቆራርጠዋል፣ ጫን ተብሎ የሚነበበው ቶ ደመቅ ብሎ ይታያል፣ ሁለተኛዋ ፕ ግን ደብዝዛ ግራጫ ሆና ነው የምትቀመጠው፣ ተጽፋለች ግን አትነበብም ለማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሌላ አፕ ላይ አላየሁም፣ በጣም ወድጄዋለሁ።

ከስር "የቃሉ ምንጭ" የሚል ክፍል አለ፣ እኔ በግሌ አፑን ያቆየሁት ለሱ ብዬ ነው። ቃሉ የግሪክ ነው፣ አፖ ማለት "ከአንድ ነገር ላይ ተለይቶ" እንደማለት ነው፣ ፕቶሲስ ደግሞ መውደቅ፣ አንድ ላይ የቅጠል ወይም የአበባ መርገፍ ማለት ነው። ለሴል ሞት ስም እንዲሆን ያመጡት ከር፣ ዋይሊ እና ከሪ የሚባሉ ሶስት ተመራማሪዎች ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣ ጽሁፋቸው፣ ቃሉን የጠቆማቸው ግን የህክምና ሰው ሳይሆን በስኮትላንድ አበርዲን ዩኒቨርሲቲ የግሪክኛ ፕሮፌሰር የነበረው ጄምስ ኮርማክ ነው። ከር ከዛ በፊት ነገሩን "የመሸብሸብ ኔክሮሲስ" ብሎ ነበር የሚጠራው፣ ኔክሮሲስ ግን ኔክሮስ ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ተራ ሙት ማለት ነው፣ እዛ ላይ ሴሉ ያብጥና ይፈነዳል፣ ውስጡ ያለው ሁሉ ፈሶ አካባቢውን ያስቆጣል። አፖፕቶሲስ ላይ ደግሞ ሴሉ ራሱ ተኮማትሮ፣ በሽፋን በተጠቀለሉ ትንንሽ ቁርጥራጮች ተከፋፍሎ፣ ጎረቤቶቹ ውጠው ያጸዱታል፣ ቁጣ የለ ምን የለ። ጽንስ ላይ ጣቶቻችን የሚለያዩት በመሀላቸው ያሉት ሴሎች እንዲህ ስለሚረግፉ ነው። ይሄን አንዴ ያነበበ ተማሪ በሁለቱ ሞቶች መሀል ያለውን ልዩነት ድጋሚ ይረሳል ብዬ አላስብም፣ ስሙ ራሱ ነው የሚነግረው።

አነባበቡንም ያኔውኑ ነው የወሰኑት፣ እዛው ጽሁፍ ግርጌ ላይ ፕ እንዳትነበብ ሀሳብ አቅርበዋል፣ ምክንያቱም ፕቶሲስ የሚለው ቃል ቀድሞም የዓይን ቆብ መውረድን ለመጥራት ህክምና ውስጥ ነበረ፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ቶሲስ ብለው ነው የሚያነቡት፣ ስለዚህ ዝምድናው በግልጽ እንዲሰማ ፈለጉ። አፑ ይሄን በሙሉ ማስቀመጡ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩ ማይኩ ላይ ነው። እናንተ ቃሉን ስትሉት አፑ ሰምቶ አረንጓዴ ወይም ቀይ ያሳያል፣ ፕን አሰምታችሁ ካላችሁት ሁሌም ቀይ ነው። ይሄ ትክክል አይደለም። ፕን አሰምቶ የሚጠራ ባለሙያ በጣም ብዙ ነው፣ መዝገበ ቃላትም ሁለቱንም ይቀበላሉ፣ ግሪኮቹ ራሳቸው ደግሞ ፕን አይውጧትም፣ ቃል መጀመሪያ ላይ ስትመጣ እንኳን ይሏታል፣ መዋጥ የእንግሊዝኛ ልማድ ነው። ሄሊኮፕተርን እዩት፣ ሄሊኮ ጥምዝ ፕተሮን ክንፍ ማለት ነው፣ እዛ ላይ ፕን የሚውጥ ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ስለዚህ የስያሜው ባለቤቶች የመረጡት ይሄኛው ነው ማለት አንድ ነገር ነው፣ ሌላውን ተሳስተሃል ማለት ሌላ ነገር ነው፣ በተለይ ገና አፉን ለሚፈታ ተማሪ ቀይ መብራት ያሸማቅቃል። ቢጫ አድርጉትና "ይሄም ይባላል" በሉት፣ በቃ።

ሌሎች ቃላት ላይም ሞክሬዋለሁ። ካይኔዝ የሚባለው ኢንዛይም (ኬሚካላዊ ለውጥ የሚያፋጥን ፕሮቲን) ላይ ኪኔዝ የሚለውንም አስቀምጧል (እንግዲህ እዚህ ላይ ሁለት ከቻላችሁ አፖፕቶሲስ ላይ ምን ከለከላችሁ)፣ ምንጩም ማንቀሳቀስ የሚል የግሪክ ቃል እንደሆነና ሲኒማ ከሚለው ጋር ዘመድ እንደሆነ ይናገራል። አሴቲልኮሊንኤስተሬዝን አሴቲል፣ ኮሊን፣ ኤስተሬዝ ብሎ ሲቆርጠው ያስፈራ የነበረው ርዝመት ወዲያው ይቀላል፣ መጨረሻ ላይ ያለችው ኤዝ ኢንዛይም መሆኑን የምታሳይ ቅጥያ እንደሆነች፣ መነሻዋም ፓየን እና ፐርሶ የሚባሉ ሁለት ፈረንሳዊ ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1833 ያገኙት ዲያስቴዝ የሚባል ኢንዛይም እንደሆነ ጽፏል።

ያለ ኢንተርኔት ይሰራል፣ ማስታወቂያው ብዙ አይረብሽም፣ ፍለጋው ግን አንድ ፊደል ከተሳሳተ ምንም አያመጣም፣ ቃሉን አጻጻፉን የማያውቅ ሰው ነው እኮ የሚፈልገው።

ከአምስት አራት ኮከብ ሰጥቻለሁ። አዘጋጆቹ ይሄን ካያችሁት ካስፔዝን ጨምሩልን፣ አፖፕቶሲስን የሚያስፈጽሙት ኢንዛይሞች እነሱ ሆነው ሳለ ሲፈለጉ ባዶ ገጽ ነው የሚመጣው፣ ስሙም ለመተንተን የተመቸ ነው፣ ክ (በእንግሊዝኛ C) ከሲስቴይን፣ አስፕ ከአስፓርቲክ አሲድ (ሁለቱም ፕሮቲን የሚሰራባቸው አሚኖ አሲዶች ናቸው)፣ ከዛ ያቺው ኤዝ፣ ሲስቴይን ተጠቅሞ ከአስፓርቲክ አሲድ ቀጥሎ ፕሮቲን የሚቆርጥ ማለት ነው።