የአፍንጫ አለርጂ፦ ጠብታ፣ ኪኒን ወይስ ስፕሬይ? ከነሒሳቡ

መስከረም ጠብቶ ሣሩ ማበብ ሲጀምር ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። «አንተ፣ ያ አፍንጫህ ላይ የምትነፋው ነገር ምን ነበር ስሙ? ስንት ገዛኸው?» ባለፈው ሳምንት ብቻ ሦስት ሰው ጠየቀኝ፤ አንዴ ጽፌው ልገላገል። ሐኪም አይደለሁም። ሐኪም የነገረኝ የአፍንጫ አለርጂ ያለብኝ፣ ደረሰኝ የማልጥል ሰው ነኝ። ዋጋዎቹም እኔ የከፈልኳቸው ናቸው፤ እናንተ ሰፈር ሌላ ሊሆን ይችላል።

እኛ ጋ የአፍንጫ ነገር ሁሉ ስሙ «ሳይነስ» ነው። እኔም ለዓመታት «ሳይነሴ ተነሣ» እያልኩ አሞክሳሲሊን ስገዛ ኖሬያለሁ። ጠዋት ጠዋት ደጋግሞ የሚያስነጥስ፣ ንፍጡ እንደ ውኃ የቀጠነ፣ ዓይንና ላንቃ የሚያሳክክ፣ ትኩሳት የሌለው ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ አለርጂ ነው። አንቲባዮቲክ ደግሞ አለርጂን ንክች አያደርገውም። (ከንፈርና ምላስ የሚያብጥ፣ ትንፋሽ የሚያጥር ከሆነ ይሄን ማንበብ ትታችሁ ድንገተኛ ክፍል ሩጡ፤ የዚያ መድኃኒቱ አድሬናሊን ነው።)

«መጀመሪያ ልመርመር ወይ?» ለሚለኝ መልሴ፦ ሐኪም አይቶህ አለርጂ ነው ካለ አንድ ወር መድኃኒቱን ሞክር፣ የምርመራውን ብር ያዝ። ካልተሻለህ የቆዳው ምርመራ ይሻላል። ክንድህ ላይ የበረሮውን፣ የሣር ብናኙን፣ በፍራሽ አቧራ ውስጥ የምትኖረዋን በዓይን የማትታይ ተባይ አንድ አንድ ጠብታ አድርገው በትንሽ መርፌ ጫፍ ጫር ጫር ያደርጉታል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ያልተስማማህ ነገር ቢንቢ እንደ ነከሰው ያብጣል። እኔ በሄድኩበት ክሊኒክ ግን የአለርጂ ኪኒን ከሳምንት በፊት አቁም ያለኝ ሰው አልነበረም። ሴትሪዚን የሚባለውን ኪኒን ከወሰድኩ ገና ሦስተኛ ቀኔ ነበር፤ ኪኒኑ እብጠቱን ስለሚያፍነው ክንዴ ላይ ምንም አላበጠም። ለማነጻጸሪያ የሚያደርጓት፣ የግድ ማበጥ ያለባት የሒስታሚን ጠብታ እንኳ አላበጠችም! ደግሜ ከፈልኩ። ኪኒን ማቆም ለማይችል ሰው የደሙ ምርመራ አለ፤ ነገር ግን «ጠቅላላ አይጂኢ» (በአለርጂ ጊዜ ደም ውስጥ የሚጨምር ፀረ እንግዳ አካል) ብቻ ተሠርቶ «ከፍ ብሏል፣ አለርጂ አለብህ» ከተባላችሁ እንዳታምኑ። እኛ አገር ወስፋት ብቻውን ያን ቁጥር ይሰቅለዋል። «መቶ ምግብ በአንድ ጠብታ ደም» የሚባለውን የአይጂጂ (የሌላ ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል) ምርመራማ ጭራሽ አትግዙት፤ እሱ ምግቡን መብላታችሁን እንጂ አለርጂ መሆናችሁን አይናገርም። ዱባይ ያለች የአክስቴ ልጅ በዚህ ዝርዝር ሳቢያ እንጀራም እንቁላልም ትታ ከስታ መጣች። ማስነጠሷ እንዳለ ነው።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። የእኔ መከራ የጀመረው በጠብታ ነው። ዛይሎሜታዞሊን፣ 150 ብር። በአምስት ደቂቃ አፍንጫዬ ተከፈተ፤ ከሰማይ የወረደ ነው የመሰለኝ። ማሸጊያው ላይ ለጥቂት ቀን ብቻ ይላል፣ ማን ያነባል? ስምንት ወር ተጠቀምኩት። አንድ በኪሴ፣ አንድ ትራሴ ሥር፣ አንድ በቢሮዬ መሳቢያ። አንድ እሑድ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ኪሴን ብዳብስ የለም፤ አቋርጬ ወጥቼ ክፍት ፋርማሲ ፍለጋ ሁለት ፌርማታ ሄድኩ። አንዱ ጠርሙስ ዘጠኝ ቀን ነበር የሚቆይልኝ፤ በስምንት ወር ወደ 4,000 ብር። ኋላ ሲገባኝ አፍንጫዬን የሚዘጋው አለርጂው ብቻ አልነበረም፣ ጠብታው ራሱ ጭምር እንጂ። የደም ሥሩን ያኮማትረዋል፣ ሲለቀው ከበፊቱ ብሶ ያብጣል፣ እንደገና ትጨምራለህ። ሳቆም ሐኪሙ እንደነገረኝ በስፕሬይ እየተረዳሁ መጀመሪያ የግራውን አፍንጫ አስጣልኩት፣ ከዚያ የቀኙን። እንቅልፍ አልባ ሌሊቶቹን ባልቆጥራቸው ይሻላል።

ኪኒን ርካሽ ነው፣ አልክድም። ክሎርፌኒራሚን ከሁሉም ይረክሳል፤ ግን ያስተኛል። ሹፌር የሆነው ታናሽ ወንድሜ እሱን ውጦ ቀይ መብራት ላይ አሸልቦ የኋላው ሰው በክላክስ ነው የቀሰቀሰው። ሴትሪዚን አሥሩ ፍሬ 80 ብር፣ በቀን አንዴ፣ 8 ብር ማለት ነው፤ እሱም አንዳንዱን ሰው ስለሚያደክም ማታ መውሰድ ነው። ሎራታዲን እንቅልፉ ይቀላል። ችግራችሁ ማስነጠስና ማሳከክ ብቻ ከሆነ በ8 ብር ተገላገሉ፣ የእኔን ምክር አትፈልጉም። ለታፈነ አፍንጫ ግን ኪኒን አቅም የለውም።

«አንድ መርፌ ተወግቼ ወቅቱን እንደ ምንም አለፍኩ» የሚሉም አሉ። እሱ ለሳምንታት ሰውነት ውስጥ የሚቆይ ስቴሮይድ (እብጠት የሚያበርድ ጠንካራ መድኃኒት) ነው፤ ስኳር ይጨምራል፣ ሲደጋገም አጥንት ይጎዳል። ስኳር ላለባት እናቴ ማንም እንዳይወጋብኝ።

እኔ የያዝኩት ፍሉቲካሶን ስፕሬይ ነው። እሱም ስቴሮይድ ነው፣ ግን መጠኑ ትንሽ ሆኖ እዚያው አፍንጫ ላይ የሚሠራ። 1,400 ብር ሲባል ሰው ሁሉ ይደነግጣል። እስቲ እናስላ፦ ጠርሙሱ 120 ፑፍ አለው፣ አንዱ ፑፍ 11 ብር ከ67 ሳንቲም። መጀመሪያ በየአፍንጫው ሁለት ሁለት፣ በቀን 46 ብር ከ67። ሲረጋጋ አንድ አንድ፣ 23 ብር ከ33። ከጠብታው በቀን 7 ብር ገደማ ነው የሚበልጠው፣ ለዚያውም አሞክሳሲሊኑን ሳልቆጥር። ሁለት ሦስት ቀን ነፍተው «አልሠራልኝም» ብለው የሚጥሉ አሉ፤ ሙሉ ለሙሉ ለመሥራት አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል።

ርካሹን ፍለጋ ሄጄም ተቃጥያለሁ። «በሻንጣ የመጣ፣ ኦርጅናል» ብሎ አንዱ በ600 ብር ሸጠልኝ። ካርቶኑ ያምራል። ቤት ገብቼ ጠርሙሱን ወደ መስኮት አንሥቼ ባየው እንደ ቧንቧ ውኃ ጥርት ያለ ነው። ፍሉቲካሶን ወተት መስሎ የደፈረሰ፣ ሲቀመጥ የሚዘቅጥ ነው፤ ለዚህ እኮ ነው ነቅንቁት የሚባለው። ከፋርማሲ የምገዛው ጽጌረዳ ጽጌረዳ ይሸታል፣ ያኛው ምንም። (ሞሜታሶን ከሆነ ሽታ የለውም፣ በዚያ አትደንግጡ።) የካርቶኑና የጠርሙሱ ባች ቁጥርም (የምርት ቁጥሩ) አይገናኝም። አሁን መጀመሪያ ከነማ ወይም ቀይ መስቀል ፋርማሲ እጠይቃለሁ፤ ሰልፉ ያሰለቻል፣ ሁልጊዜም አይገኝም፣ ሲገኝ ግን ልዩነቱ የታክሲዬን ይመልሳል።

አነፋፉም ብር ነው። አንገት ትንሽ ወደ ፊት ዝቅ፣ በቀኝ እጅ ወደ ግራው አፍንጫ፣ ጫፉ ወደ ጆሮ አቅጣጫ፤ የመሃሉን ግድግዳ ከመታ ያደማል። በኃይል አትሳቡት። ጉሮሯችሁ ላይ ከቀመሳችሁት 11 ብር ከ67 ሳንቲም ዋጣችሁ። ጠርሙሱ ደግሞ ከ120 በኋላም መንፋቱን አያቆምም፣ መጠኑ ግን ልክ አይሆንም፤ እኔ የከፈትኩበትን ቀን ጀርባው ላይ በእስክርቢቶ እጽፋለሁ። አሁን የያዝኩት መስከረም 3 ይላል።