የጭቃ ቤት ቋሚ ከሥር በስብሶ ሲገኝ፦ ቆርጦ መቀጠል ወይስ በብሎኬት መሥራት?

ጉዱ የሚወጣው ሊሾው ሲነሳ ነው። በአዲስ አበባ የብዙ ቆየት ያሉ የጭቃ ቤቶች የባህር ዛፍ ቋሚ በቀጥታ መሬት ውስጥ የተተከለ ነው፤ ልስኑ ደህና መስሎ እርጥበትና ምስጥ ከሥር ይጨርሱታል። ሚስማር በእጅ ሲገፋ ዘው ካለ እንጨቱ አልቋል።

አንዱ መንገድ ጣሪያውን በባላ ደግፎ፣ የበሰበሰውን ቆርጦ፣ ቋሚውን ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይና የሲሚንቶ መሠረት ላይ ማሳረፍ ነው። ወጪው ይቀላል፤ ቤተሰቡም ዕቃውን አንድ ክፍል ሰብስቦ እዚያው ሊከርም ይችላል። ግን አንድ በአንድ እንጂ ሁሉም ባንዴ አይቆረጥም። ማገሩም ከተበላ ልፋቱ ከንቱ ነው።

ብሎኬት ምስጥ አይበላውም። ሆኖም ከባድ ነው፤ አፈሩ ዋልካ ከሆነ ደግሞ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ጭቃው ይህን እንቅስቃሴ በመጠኑ ይችለዋል፣ ብሎኬቱ ግን ይተረተራል። ስለዚህ ዋልካው ተቆፍሮ ወጥቶ በገረጋንቲ (በማያብጥ ጠጠራማ አፈር) መተካት፣ ግድግዳውም በፌሮ በታሰረ ግሬድ ቢም (ከግድግዳው ሥር በሚዞር የኮንክሪት ማሰሪያ) ላይ መቆም አለበት። ብዙ ሰው ገንዘብ ለመቆጠብ የሚዘለው ይህንኑ ነው፤ እባካችሁ አትዝለሉት።

የተበላው ጥቂት ቋሚ ብቻ ከሆነ እኔ መቀጠሉን እመርጣለሁ። ማዕዘኖቹ ካለቁ ግን ብሎኬት። በሁለቱም የጣሪያው ውሃ ግድግዳው ሥር እንዳይወርድ አሸንዳው ቀድሞ ይገጠም።