የኦንላይን ሽያጭ ሲስተም ልታሠሩ ያሰባችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ነጋዴዎች፣ ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አንብቡ

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁም። ትናንት ማታ ነው ከአዲስ አበባ የገባሁት። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው ብዬ ተነስቻለሁ፤ ከበረደ በኋላ "ሆድ ይፍጀው" ብዬ እንደምተወው ስለማውቅ ነው።

የግንባታና የቤት ማጠናቀቂያ ዕቃ አከፋፋይ ነኝ። ኮምቦልቻ ሁለት መጋዘን፣ ደሴ ሸዋበር አንድ፣ ወልዲያ አንድ አለን። ሥራውን የጀመረው አባቴ ነው፤ ነፍሱን ይማረውና ሱቁም እስከ ዛሬ የሚጠራው በሱ ስም ነው። ስሙን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም።

ሻጮቹን ታውቋቸዋላችሁ። ሁለት ሆነው ይመጣሉ፤ አንዱ ያወራል፣ አንዱ ላፕቶፕ ይከፍታል። "ድርጅትዎን ወደ ዲጂታል እናሸጋግረው" ይሉና ሌላውን የኦንላይን ሱቅ መሥሪያ ሲስተም ሁሉ እየጠሩ ማጣጣል ይጀምራሉ። ሾፒፋይ የካናዳ ነው፣ በየወሩ የሚከፈለው በዶላር ነው፣ የራሱ የክፍያ አገልግሎትም ለኢትዮጵያ አይሠራም አሉኝ። እውነት ነው። ማጄንቶ የሚባለውን ሌላ ሲስተም እ.ኤ.አ. በ2018 አዶቤ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ1.68 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል፣ የሚከፈልበት ፈቃዱ አይቀመስም አሉኝ። ይሄም እውነት ነው። በነጻ የሚወርድ ማጄንቶ እንዳለ ግን ትንፍሽ አላሉም። እውነቱን እያስቀደሙ ነው ውሸቱን ያጎረሱኝ። "የእኛ ግን በራሳችን ልጆች ከዜሮ የተጻፈ የሀገር ውስጥ ሥራ ነው፤ ለእርስዎ ብቻ ይሠራል፣ ሲያልቅም የእርስዎ ንብረት ይሆናል።" ይህን "የእርስዎ ንብረት" የምትለዋን ቃል በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ኮምቦልቻ ድረስ መጥቶ፣ ቤቴ ገብቶ፣ ማዕዴን በልቶ፣ ባለቤቴ ያፈላችውን ቡና እስከ በረካ ጠጥቶ፣ "አባታችን" እያለ ነው የነገረኝ።

ዋጋው 1,850,000 ብር። 60 በመቶ ቅድሚያ፣ 30 በመቶ ርክክብ ላይ፣ 10 በመቶ ከስድስት ወር በኋላ።

የእህቴ ልጅ እዚሁ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሶፍትዌር ተምራ የተመረቀች ናት። የምፈርም ቀን አጠገቤ ነበረች። "ጋሼ፣ ውሉን አንድ ሌሊት ስጠኝና ላንብበው" አለችኝ። 18 ገጽ ነው፣ ያውም እንግሊዝኛ። እኔ ያየሁት ዋጋውና የክፍያው ጊዜ ያለበትን ገጽ ብቻ ነበር። "አንቺ ገና ልጅ ነሽ፤ እነዚህ ትልቅ ድርጅት ናቸው" አልኳት፣ በእንግዶቹ ፊት። አንገቷን ደፍታ ወጣች። 12 ሚሊሜትር የተባለ ፌሮ ሳልለካ ተረክቤ የማላውቅ ሰው ነኝ። ሲሚንቶ ሲራገፍ ቆሜ ኩንታል በኩንታል እቆጥራለሁ። ለዚህ ነገር ግን አንድ አንቀጽ ሳላነብ ከሚሊዮን ብር በላይ ቼክ ፈረምኩ። ከገንዘቡ ይልቅ ሌሊቱን ሲያገላብጠኝ ያደረው ይሄ ነው፤ ልጅቷን ያሳፈርኩበት ነገር።

ሲያሳዩኝ ሠላሳ ዕቃ ጭነው ነበር፤ በርግጥም ይበር ነበር። የእኛ ዝርዝር 11,400 ዓይነት ነው፤ ሴራሚኩ በመጠን፣ ቀለሙ በቁጥር ሲከፋፈል ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ሲከፈት ደንበኛ አንድ ዕቃ ፈልጎ እስኪያገኝ አርባ ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር። "ሚስማር" ብሎ የጻፈ ያገኛል፣ "ምስማር" ብሎ የጻፈ ባዶ ገጽ ይመጣበታል። "የፀሐይ" እና "የጸሀይ" ለሲስተሙ ሁለት የተለያየ ዕቃ ናቸው። በአማርኛ የሚጽፍ ደንበኛ እንዳለኝ ሲስተሙን ስትሠሩ አላሰባችሁም? ብላቸው "ደንበኞችዎን ያስተምሯቸው" ብለው መለሱልኝ።

የጅምላ ሥራ ምን እንደሆነም አያውቁትም። ሙሉ አይሱዙ የሚጭነው የከሚሴ ነጋዴና አሥር ካርቶን የሚወስደው የኩታበር ባለሱቅ አንድ ዋጋ አይከፍሉም። ሲስተሙ ግን የሚያውቀው አንድ ዋጋ ብቻ ነው። አራቱን መጋዘን ደምሮ አንድ ቁጥር ያሳያል፤ ስለዚህ ለሐይቅ ደንበኛ ወልዲያ ያለውን ዕቃ ሸጠንለት፣ ትርፋችንን ነዳጅ በላው። ሒሳብ ከምንመዘግብበት ፕሮግራም ከፒችትሪ ጋር ይገናኛል የተባለው አልተገናኘም፤ ሒሳብ ሠራተኛዬ ማታ ማታ በእጇ ነው የምትገለብጠው። የቴሌብር ቁልፍ ነበረ፤ ስትጫኑት የባንክ ሒሳብ ቁጥርና "ደረሰኙን ፎቶ አንስተው ይላኩ" የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ነጋዴ በቴሌብር ክፍያ ለመቀበል ንግድ ፈቃዱንና ቲን ቁጥሩን ይዞ በራሱ ስም መመዝገብ አለበት። ከኔ አንድም ቀን ንግድ ፈቃድ አልጠየቁኝም። ያኔ መንቃት ነበረብኝ።

እንዲህ ሆኖም ታገስኩ። "ይስተካከላል" ሲሉኝ ወር አለፈ፣ ወራት አለፉ። የመጨረሻዋን 185,000 ብር ግን ያዝኩባቸው። ባለፈው ወር "የዓመታዊ ፈቃድ እድሳት 420,000 ብር" የሚል ደብዳቤ መጣ። የራሴን ንብረት የማሳድሰው ለማን ነው? የእህቴን ልጅ ጠራኋት። ቂም አልያዘችብኝም፤ መጥታ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠችና የገጹን የውስጥ ኮድ ከፈተች። ጣቷን ስክሪኑ ላይ እያስኬደች አሳየችኝ፤ በየመስመሩ ወርድፕረስ፣ በየመስመሩ ዉኮሜርስ ይላል። ወርድፕረስ ድረ ገጽ መሥሪያ ነው፤ ዉኮሜርስ ደግሞ በሱ ላይ የሚጫን የኦንላይን ሱቅ ፕሮግራም ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ማንም ሰው በነጻ እያወረደ የሚሠራበት ነው። ዉኮሜርስ ጥፋት የለበትም፤ በጠንካራ ሰርቨር (ድረ ገጹ በሚቀመጥበት ኮምፒውተር) ላይ ዕውቀት ያለው ሰው ከሠራው ብዙ ዕቃ ይችላል አለችኝ። በሱ ሠርቶ የሥራ ዋጋ መጠየቅም ነውር አይደለም። እነዚህ ግን ርካሽ የጋራ ሰርቨር ላይ ከሌሎች ጋር አጭቀው፣ የተዘጋጀ ዲዛይን ገዝተው ሎጎዬን ለጥፈውበት፣ "ከዜሮ ጻፍነው" ብለው ነው የሸጡልኝ።

ማክሰኞ ሁለታችን አዲስ አበባ ሄድን። ቢሯቸው ስድስተኛ ፎቅ ነው። እንግዳ ተቀባይዋ ማን እንደሆንን ከጠየቀችን በኋላ ሁለት ሰዓት ተኩል ውሃ እንኳ ሳይሰጡን አስቀመጡን። ስንገባ ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ አልተነሳም። ቤቴ "አባታችን" ይለኝ የነበረው ሰው ስልኩን እያየ "እሺ፣ ምን ነበር?" አለኝ። ልጅቷ ላፕቶፑን ከፍታ፣ በትህትና፣ ያገኘችውን አሳየችው። ጨርሶ አልደነገጠም። "እና ምን ይጠበስ? ሁሉም ሰው በዚህ ነው የሚሠራው" አለ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ "አንተ ስለ ሶፍትዌር ምን ታውቃለህ?" አለኝ። አንተ! ልጄ የሚሆን ሰው ነው። ገንዘቤን እስኪቀበል እርስዎ ነበርኩ።

"እሺ፣ ዕቃችንንና የደንበኞቻችንን ዝርዝር አውጡልን፣ ዶሜይኑንም፣ ማለትም የድረ ገጹን ስም፣ አስረክቡን፣ ወደ ሌላ እናዛውራለን" አለችው። ያኔ ነው ከመሳቢያው ውሉን ያወጣው። ገጽ 14 ላይ አስቀድሞ በቢጫ አስምሮበታል፤ እንደምመጣ ያውቅ ነበር ማለት ነው። እያነበበ ተረጎመልን፦ ደንበኛው የመጠቀም መብት ብቻ አለው፤ ኮዱ፣ ሰርቨሩና የድረ ገጹ ስም የአቅራቢው ንብረት ናቸው። "ስሙም?" አልኩት። "ስሙም" አለ። "የአባቴ ስም እኮ ነው" አልኩት። "በእኛ ስም ነው የተመዘገበው። ከፈለግክ 420 ሺህ ከፍለህ ትጠቀምበታለህ።" ከአፌ ቃል ጠፋ። ወረቀቱን ወደኔ ገፋ አደረገውና ስልኩን አነሳ፤ ሂዱ ማለቱ ነው። ከሥሩ ያለው ፊርማ የኔ ነው፤ ደምቆ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ።

ሊፍት ውስጥ ልጅቷ አለቀሰች። እኔ ባለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወጥተን ለመንገድ ስንነሳ ከባቲ አንድ የድሮ ደንበኛዬ ደወለ። "አያ፣ ምነው ዘጋችሁ እንዴ? ስከፍተው አገልግሎቱ ተቋርጧል ይላል" አለኝ። ቢሯቸውን ከለቀቅን ገና አንድ ሰዓት አልሞላንም ነበር። የደንበኞቼ ስልክ፣ ማን ምን ያህል እንደሚወስድ፣ ማን ዱቤ እንዳለበት ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው፤ በሱ እጅ። ጠበቃ አናግሬያለሁ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚባል አለ፣ በዚያም በውሉም እንየው ብሎኛል። እስከዚያ ድረስ በስልክና በደብተር እየሠራን ነው።

ልታሠሩ ያሰባችሁ፦ የድረ ገጹ ስም በራሳችሁ ድርጅት ስም፣ በራሳችሁ ኢሜይል ይመዝገብ። የሰርቨሩም የአስተዳዳሪውም ይለፍ ቃል የመጀመሪያውን ብር ከመክፈላችሁ በፊት እጃችሁ ይግባ። ውሉ በአማርኛ ይሁን። ሲያሳዩዋችሁ በሠላሳ ዕቃ አትመኑ፤ የራሳችሁን ሙሉ ዝርዝር ጭነው ያሳዩዋችሁ። ቤታችሁ የተማረ ልጅ ካለ ደግሞ አስነብቡት።

ለደንበኞቻችን፣ በተለይ ባቲ፣ ከሚሴ፣ ሐይቅ፣ መርሳና ወረኢሉ ላላችሁ፦ የድሮው ድረ ገጽ ከማክሰኞ ጀምሮ በእጃችን አይደለም። ነገ ተመልሶ ቢከፈት፣ የአባቴ ስም ከላይ ተጽፎበት ብታዩት እንኳ፣ ትእዛዝ አታስገቡ፣ እዚያ ላይ ባለው የሒሳብ ቁጥርም አንድ ብር አትላኩ። በምታውቁት ስልካችን ደውሉ፤ እኔ ራሴ ነኝ የማነሳው።