ሲንግል ፌዝ፣ ስሪ ፌዝ ወይስ ኢንቨርተር? ለቤት ጄኔሬተር ከመግዛታችሁ በፊት

ሻጭ መጀመሪያ የሚጠራላችሁ ኪሎ ዋቱን ነው። «ይሄ ቤቱን ሙሉ ይችላል» ይላችኋል። ቁጥሩ እውነት ሊሆን ይችላል። የእናንተ ጥያቄ ግን ሌላ ይሁን፦ ከዚህ ሁሉ በአንድ ፌዝ፣ ማለትም መብራቱ በሚወጣበት በአንዱ መስመር፣ ስንት አገኛለሁ? ሲንግል ፌዝ አንድ መስመር አለው፣ ስሪ ፌዝ ሦስት።

መጀመሪያ ከተጻፈው ላይ የከፍታውን ቀንሱ። አየር ሲሳሳ ሞተር ይደክማል። ብዙ አምራቾች በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ገደማ ይቀነስ ይላሉ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስላለች ሩብ ያህሉ ይሄዳል። ስለዚህ 5 ኪሎ ዋት የተባለው እዚህ 3.7 ቢሰጥ ነው። ድሬዳዋ ያለ ሰው ይህን ያህል አይጎዳም። ደግሞ «ማክስ» የሚለውን ቁጥር እርሱት፤ እሱ ለአፍታ ብቻ ነው። ሂሳቡ በ«ሬትድ»፣ ያለማቋረጥ በሚሰጠው ቁጥር፣ ይሠራ።

አሁን ወደ ቤት እንግባ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይበላል። ውሃ ማፍያው 2፣ ካውያው ከ1 እስከ 2 ኪሎ ዋት። ፍሪጅ ሲሠራ 150 ዋት አካባቢ ቢሆንም ሲነሳ ብዙ እጥፍ ይጠይቃል። ባለ 1 የፈረስ ጉልበት የውሃ ፓምፕም እንዲሁ፤ 750 ዋት ነው ብላችሁ ስታስነሱት 3 እጥፍና ከዚያ በላይ ይስባል። አምፖሉ፣ ቲቪውና ዋይፋዩ ተደምረው ከ300 ዋት ብዙም አያልፉም።

ሲንግል ፌዝ

ለአብዛኛው ቤት የምመርጠው ይሄን ነው። ያለው ጉልበት በሙሉ በአንድ መስመር ይወጣል፤ ጭነት ማመጣጠን ማለትም ተራ ማስያዝ ማለት ብቻ ነው። ምጣዱ ሲጣድ ፓምፑ ይጠፋል፣ ካውያው ይቆያል። የሚታየው ሶኬቱ ነው። 16 አምፒር ሶኬት በ220 ቮልት 3,520 ዋት ላይ ያበቃል፤ ምጣዱ ልክ ጫፉ ላይ ነው ማለት ነው። እንጀራ ልትጋግሩበት ካሰባችሁ 32 አምፒር መውጫ ያለውን ፈልጉ።

ስሪ ፌዝ

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። 6.5 ኬቪኤ ሲባል ከሲንግል ፌዙ የበለጠ ይመስላል። ኬቪኤን ወደ ኪሎ ዋት ለመለወጥ በ0.8 (በተለመደው ፓወር ፋክተር) ስታባዙት 5.2 ኪሎ ዋት ይሆናል። ያ ግን ለሦስት ይካፈላል፤ ለአንዱ ፌዝ የሚደርሰው 1.7 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። ምጣድ የለም በሉት! ውሃ ማፍያውም ይከብደዋል።

ካልተመጣጠነ ደግሞ ጣጣው ሌላ ነው። አንዱን ፌዝ ስትጭኑት ቮልቱ ይወርዳል። የቮልት ማስተካከያው (ኤቪአሩ) ያንን ፌዝ የሚያነብ ከሆነ ጉልበት ይጨምራል፤ ባዶ የቀሩት ሁለቱ ፌዞች ላይ ቮልቱ ይወጣል። ቲቪው እዚያ ላይ ከተሰካ ዋጋውን ይከፍላል። ስለዚህ ስሪ ፌዝ የሚገዛው ስሪ ፌዝ ሞተር ያለው ሰው ነው፤ ወፍጮ፣ የእንጨት ሥራ ማሽን፣ ትልቅ ፓምፕ። አንዳንዱ ሞዴል ሙሉውን ጉልበት ወደ አንድ ባለ 220 ቮልት መውጫ የሚያዞር ማብሪያ አለው፤ እሱ ከሆነ ነገሩ ይለያል።

«የኔ ቆጣሪ እኮ ስሪ ፌዝ ነው» የሚልም አለ። ቆጣሪው ስሪ ፌዝ ስለሆነ ጄኔሬተሩም ስሪ ፌዝ መሆን የለበትም። ኤሌክትሪሺያን በቼንጅ ኦቨር (ቤቱን ከመብራት ኃይል ወደ ጄኔሬተር በሚያዞረው ማብሪያ) በኩል ሦስቱንም መስመር ከአንድ ሲንግል ፌዝ ጄኔሬተር ሊመግብ ይችላል። ሁለት ነገር ብቻ አስታውሱት። ስሪ ፌዝ ሞተር ካለ ይነቀል። የኒውትራሉ ሽቦ ውፍረትም ይታይ፤ በመደበኛው መብራት የሦስቱ ፌዝ ጭነት እርስ በርሱ ይጣፋል፣ በዚህኛው ግን ሁሉም ተደምሮ በኒውትራል ይመለሳል።

ቼንጅ ኦቨሩን ለመቆጠብ በሁለቱም ጫፍ ወንድ ሶኬት ያለው ገመድ የሚሠራላችሁ ሰው ካለ አሰናብቱት። ኃይሉ ወደ ውጭው መስመር ይመለስና መስመር ላይ የወጣ የመብራት ኃይል ሠራተኛ ይሞትበታል።

ኢንቨርተር

ይሄ የሚያወጣውን መብራት በኤሌክትሮኒክስ የሚያስተካክል ጄኔሬተር ነው። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፣ ቤንዚንም ይቆጥባል፤ ጭነቱ ሲቀንስ ሞተሩም ይረግባል። ተራው ጄኔሬተር አንድ አምፖል ቢበራም 3,000 ዙር በደቂቃ ይሽከረከራል። ለላፕቶፕ፣ ለፍሪጅ፣ ለመብራት ከሆነ 2 ኪሎ ዋቱ ይበቃል። ምጣድ የሌለበት ኮንዶሚኒየም ካላችሁ እዚህ አቁሙ። በረንዳ ላይ ግን አታስነሱት፤ ጭሱ ይገድላል።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው

እዚያ ጄኔሬተሩ ሁለት ባለ 120 ቮልት እግር አለው። 7,500 ዋት ማለት በየእግሩ 3,750 ዋት ነው፤ ማመጣጠኑ የሚመጣው ከዚያ ነው። ለእኛ ዕቃ በሁለቱ መካከል ያለውን 240 ቮልት መጠቀም ይቻላል። ድግግሞሹ ግን 60 ኸርዝ ነው፤ ምጣድ ግድ የለውም፣ ለ50 ኸርዝ የተሠራ ፓምፕና ፍሪጅ ግን ከልኩ በላይ ይፈጥናል። ዘመዳችሁን ብሩን ላክልን በሉት።

ሱቅ ስትሄዱ ካውያና ቮልት መለኪያ ያዙ። ጄኔሬተሩ ተነስቶ ካውያው ይሰካ። ስሪ ፌዝ ከሆነ ካውያው ያልተሰካበትን ፌዝም ለኩ። ከ198 ከወረደ ወይም ከ242 ካለፈ ብሩን ወደ ኪሳችሁ መልሱ።