የግንቦት የመብራት ሂሳባችን ለምን እንደናረ ለክተው ላሳዩን የድሬዳዋ የኤሲ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

በድሬዳዋ፣ በተለይም በሳቢያንና በአካባቢው የምትኖሩ ጎረቤቶቼና ወዳጆቼ፣ ይህን ጽሑፍ የማቀርበው ቤታችን ድረስ መጥተው ከቆጣሪው እስከ ጣሪያው ያዩልንን የኤሲ ባለሙያ በአደባባይ ለማመስገን ነው። እግረ መንገዴንም ያስረዱንን ነገር ላካፍላችሁ እወዳለሁ፤ በሙቀት ወራት የመብራት ሂሳብ የሚያስደነግጠው ቤት የእኛ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁና። ባለሙያው ስማቸውንና ስልካቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ ፈቃዳቸውን አክብሬአለሁ፤ የሚፈልጋቸው ሰው በውስጥ መስመር ቢጽፍልኝ አገናኘዋለሁ።

የግንቦት ወር ሂሳብ ሲመጣ ከጥር ወሩ ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ሆኖ አገኘነው። በመካከሉ አዲስ ዕቃ አልገዛንም፤ እንጀራ የምንጋግረውም በዚያው ምጣድ፣ በዚያው ልማዳችን ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም በሰፈር ውስጥ የሚነሱት ግምቶች የታወቁ ናቸው፦ ቆጣሪው ይሮጣል፣ አንባቢው በግምት ጽፏል፣ ከመስመራችሁ ላይ የቀጠለ ሰው አለ፣ ታሪፉ ጨምሯል። የመጨረሻው እውነትነት አለው፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ ደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ ነው። ይሁን እንጂ ታሪፉ ብቻውን በጥርና በግንቦት መካከል የተፈጠረውን ልዩነት ሊያስረዳ አልቻለም፤ ምክንያቱም ሂሳቡ ላይ ብሩ ብቻ ሳይሆን የኪሎዋት ሰዓቱ (የተጠቀምነው ኃይል መጠን) ቁጥርም አብሮ ጨምሮ ነበር። ሂሳብ ሲበዛባችሁ አስቀድማችሁ ይህን ቁጥር ካለፉት ወራት ጋር እንድታነጻጽሩ እመክራለሁ። ብሩ ጨምሮ ኪሎዋት ሰዓቱ ካልተለወጠ ነገሩ የታሪፍ ነው፤ ኪሎዋት ሰዓቱም ከጨመረ ግን ምክንያቱን ቤት ውስጥ መፈለግ ይገባል።

ባለሙያውን የጠራናቸው የእናቴን መኝታ ቤት ኤሲ እንዲያዩልን ነበር። ከእርሳቸው በፊት የመጣ ሌላ ሠራተኛ ዕቃው አርጅቷልና አዲስ ግዙ ብሎን ስለነበር ዋጋ ማጠያየቅ ጀምረን ነበር። እርሳቸው ግን ኤሲውን ከመንካታቸው በፊት «ቆጣሪያችሁ የት ነው?» ብለው ጠየቁ። ከዚያም ፍሪጁን ጨምሮ በቤቱ ያለውን ዕቃ ሁሉ ከሶኬት አስነቅለው፣ አምፖሎቹን አስጠፍተው፣ ዋናውን ብሬከር ግን እንደበራ ትተው ከቆጣሪው ፊት ቆሙ። ፍጆታ ሲኖር ብልጭ የምትለው ትንሿ ቀይ መብራት ጸጥ አለች። በመስመሩ ላይ የሚያፈስ ሽቦም ሆነ የቀጠለ ሰው እንደሌለ በዚህ ታወቀ። ቀጥሎ ኤሲውን ብቻ አስበሩና ሰዓታቸውን እያዩ ብልጭታውን ቆጠሩ፤ በአንድ ደቂቃ 40 ጊዜ ሆነ። የእኛ ቆጣሪ ፊት ላይ መብራቷ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት 1600 ጊዜ እንደምትበራ ተጽፏል፤ በደቂቃ 40 ማለት በሰዓት 2400 ማለት ስለሆነ፣ ኤሲው ብቻውን 1.5 ኪሎዋት እየሳበ ነበር። በክላምፕ ሜትር ሽቦውን ሲለኩም 6.8 አምፔር አሳየ፤ በ220 ቮልት ሲባዛ ያው ወደ 1.5 ኪሎዋት የሚጠጋ ነው። «አየሽ እህቴ፣ ቆጣሪሽ አልዋሸም» አሉኝ። ይህን የቆጣሪ ሙከራ ማንም ሰው ያለ ባለሙያ ሊሠራው ይችላል፤ በእናንተ ቆጣሪ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከ1600 የተለየ ሊሆን ስለሚችል ግን አስቀድማችሁ አንብቡት።

ይህ ኤሲ ባለ 12000 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ) ነው፤ በጎኑ በተለጠፈው ጽሑፍ መሠረት 5 አምፔር ገደማ ሊስብ ይገባው ነበር። ትርፉ ከየት መጣ ለሚለው ጥያቄ የሰጡን ማብራሪያ ከብዙ ዓመታት ጀምሮ ያልገባኝን ነገር የገለጠልኝ ነው። ኤሲ ቅዝቃዜ አይሠራም፤ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሙቀት ለቅሞ ውጪ በተሰቀለው የኤሲው ክፍል በኩል ወደ ደጅ ይጥላል። የደጁ አየር ራሱ የጋለ ሲሆን ሙቀቱን ለመጣል ኮምፕሬሰሩ (ጋዙን የሚያምቀው ሞተር) በበለጠ ግፊት መሥራት ይኖርበታል፤ ስለዚህ ብዙ እየሳበ ትንሽ ያቀዘቅዛል። በሌላ በኩል ወደ ቤት የሚገባው ሙቀት የሚጨምረው በውጪና በውስጥ ባለው ልዩነት ልክ ነው። ውስጡን 24 ዲግሪ ላይ ለማቆየት ስንፈልግ ደጁ 28 ቢሆን ልዩነቱ 4 ነው፤ ደጁ 36 ሲሆን ልዩነቱ 12 ይሆናል። ደጁ በ8 ዲግሪ ቢጨምር፣ ጣሪያው ላይ የሚያርፈውን ፀሐይ ሳንቆጥር እንኳ፣ በግድግዳና በጣሪያ የሚገባው ሙቀት ሦስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። የግንቦት ሂሳብ በሙቀቱ ልክ ሳይሆን ከዚያ በላይ የሚዘለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሥራው ይበዛል፣ ለእያንዳንዱ ሥራ የሚጠይቀው ኃይልም ይጨምራል።

በእኛ ቤት ግን ከዚህ የባሰ ነገር ተገኘ። የውጪውን ክፍል ሌባ እንዳይወስደው ብለን ከዓመታት በፊት በብረት ሳጥን አስገጥመንበት ነበር፤ ብየዳውን የሠራው ሰው የሳጥኑን ፊት በፍርግርግ ፈንታ በላሜራ ዘግቶት ኖሯል። ባለሙያው ቴርሞሜትር በጥላ ስር ሲሰቅሉ 36 ዲግሪ አሳየ፤ ያንኑ ቴርሞሜትር በሳጥኑ ውስጥ አየር በሚሳብበት ጎን ሲያስገቡት ግን 46 ሆነ። የተጣለው ትኩስ አየር መውጫ አጥቶ ተመልሶ እየተሳበ ነበር፤ ያ ኤሲ በድሬዳዋ ሙቀት ሳይሆን ከድሬዳዋ በ10 ዲግሪ በሚብስ ሙቀት ውስጥ ሲሠራ ከርሟል። ላሜራውን አስቆርጠው በብረት ዘንግ አስተኩት፤ በቀጭኖቹ የአሉሚኒየም ክንፎች መካከል የተጋገረውን አቧራ በለስላሳ ብሩሽ ካራገፉ በኋላ ከውስጥ ወደ ውጪ በውሃ አጠቡት፤ የውስጡን ማጣሪያም አውጥተው አሳዩን። ያ ማጣሪያ ምን ይመስል እንደነበር ባልጽፍ እመርጣለሁ። ሁሉም ተገጥሞ ዳግም ሲለካ 5.1 አምፔር ሆነ። ከኤሲው ወደ መኝታ ቤቱ የሚወጣው አየርም በእጅ ሲዳሰስ ከበፊቱ ይበልጥ የቀዘቀዘ ነበር።

ስለ ጋዝ የነገሩኝን በተለይ ልጽፍ እወዳለሁ፤ በዚህ ጉዳይ በየዓመቱ ገንዘብ የሚያወጡ ቤቶች ብዙ ናቸውና። በሙቀት ወራት ኤሲ ሲደክም ብዙ ሠራተኞች ወዲያው «ጋዝ ይሞላ» ይላሉ። እርሳቸው ግፊቱን ለክተው ጋዙ ሙሉ መሆኑን ካሳዩን በኋላ የኤሲ ጋዝ እንደ መኪና ነዳጅ ተቃጥሎ የሚያልቅ እንዳልሆነ፣ በዝግ ቧንቧ ውስጥ እየዞረ የሚኖር እንደሆነ ነገሩን፤ ካነሰ የሚያፈስበት ቦታ አለ፣ ቦታው ሳይደፈን መሙላት ገንዘብ ማባከን ነው። ጋዝ ሞልተው ቢሄዱ ኖሮ እኛ ምንም ባላወቅን ነበር፤ ለዚህም ነው ይህን ሰው ያመንኳቸው።

ኤሲ የሌላችሁም ብትሆኑ ፍሪጃችሁን እዩ። የሚሠራው በዚያው መንገድ ነው፤ ከውስጡ የለቀመውን ሙቀት ከጀርባው ወደ ወጥ ቤቱ ይጥላል። ውስጡ 4 ዲግሪ ሆኖ ወጥ ቤቱ ከ25 ወደ 35 ሲደርስ የሙቀቱ ልዩነት ከ21 ወደ 31 ያድጋል፤ ይህም በግድግዳው የሚሰርገውን ሙቀት በግማሽ ያህል ያሳድገዋል፣ በዚያ ላይ በሙቀት ወር ቀዝቃዛ ውሃ ፍለጋ በሩ የሚከፈትበት ጊዜ ይበዛል። የእኛው ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ፣ ከምጣዱ አጠገብ ቆሞ ነበር። ባለሙያው ወደ ፊት አስቡት፣ የጀርባውን አቧራ አስጠረጉት፣ በበሩ ጎማ መካከል ወረቀት አስገብተው ሲስቡት በአንድ በኩል ያለ ምንም መያዝ ተንሸራቶ ስለወጣ ጎማው እንዲቀየር አዘዙ። ለዚህኛው ሥራ ገንዘብ አልተቀበሉም።

ከእናቴ ጋር የነበራቸው ንግግር ራሱን የቻለ ነው። እናቴ የደም ግፊት ስላለባት ሙቀት አትችልም፤ ሪሞቱን ይዛ 16 ላይ ታደርገዋለች፣ ቶሎ የሚያቀዘቅዝላት እየመሰላት። «እማማ፣ 16 ቢያደርጉት በፍጥነቱ ላይ ምንም አይጨምርም፤ ማረፊያውን ብቻ ነው የሚነሱት» አሏት። የእኛ ዓይነቱ ኢንቨርተር ያልሆነ ኤሲ ኮምፕሬሰሩ ሲነሳ ሁልጊዜ በሙሉ ኃይሉ ነው የሚሠራው፤ የታዘዘው ዲግሪ ላይ ሲደርስ ይቆማል። በግንቦት ቀትር 16 ዲግሪ ላይ መድረስ ስለማይችል ሳያርፍ ይውላል። በ26 ዲግሪ ከቬንትሌተር ጋር እንድትሞክረው ለመኗት። ቬንትሌተር ከ60 ዋት እምብዛም የማይበልጥ ነገር ስለሆነ፣ የእኛ ኤሲ ከመጠገኑ በፊት ይስብ በነበረው 25 ቬንትሌተር ይዞር ነበር። ቬንትሌተር የሚያቀዘቅዘው ላብ በማድረቅ ሰውን እንጂ ክፍልን ስላልሆነ ሰው የሌለበት ቤት ውስጥ ማዞሩ ጥቅም የለውም። እናቴ ለጊዜው በ25 ተስማምታለች፤ ከዚያ በላይ ድርድር አይቻልም።

እዚህ ላይ የታሪፉ ነገር ተመልሶ ይመጣል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ እርከን አለው፤ የመጀመሪያው እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ሲሆን እስከ 100፣ 200፣ 300፣ 400 እና 500 እያለ ይወጣል፤ ወደ ላይኛው እርከን ስንሻገር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። 1.5 ኪሎዋት የሚስብ ኤሲ በቀን 8 ሰዓት ሳያርፍ ቢሠራ በወር 360 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። በጥር 150 የነበረ ቤት በአንድ ዕቃ ብቻ ከ500 በላይ ይወጣል ማለት ነው፤ በብዛቱም በዋጋውም ይመታል።

የመኝታ ቤቱ መስኮት ወደ ምዕራብ ስለሚያይ ከውጪ በኩል ጥላ እንድናደርግለት፣ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል የታፈነው አየር እንዲወጣ በሁለቱም ጎን መተንፈሻ እንድናስከፍት መከሩን። መጋረጃ ከውስጥ መስቀል ፀሐዩ መስታወቱን አልፎ ከገባ በኋላ ስለሆነ የውጪውን ጥላ ያህል አይረዳም። በከተማችን ከዚራ ሰፈር ያሉትን የባቡር ዘመን ቤቶች ያየ ሰው ነገሩን ይረዳል፤ ወፍራም ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ኮርኒስ፣ በረንዳና የዛፍ ጥላ ያላቸው ቤቶች ኤሲ በሌለበት ጊዜ የተሠሩ ናቸው። እኛ በስስ ብሎኬትና በባዶ ቆርቆሮ ቤት ሠርተን ልዩነቱን በየወሩ ለመብራት እንከፍላለን። መተንፈሻውን አስከፍተናል፤ የመስኮቱ ጥላ ይቀረናል።

ማታ ማታ ኃይል ሲወርድ ኮምፕሬሰሩ እያጉረመረመ መነሳት ካቃተው ወዲያው እንድናጠፋው፣ እስኪስተካከልም እንዳንሞክረው አስጠንቅቀውናል፤ መነሳት ያልቻለ ኮምፕሬሰር ብዙ አምፔር እየሳበ ሊቃጠል ይችላል።

የሰኔ ሂሳብ መጥቷል። ሙቀቱ ባይቀንስም ከግንቦቱ ሲሶ ያህል ወርዷል፤ አዲስ ኤሲም አልገዛንም።

ባለሙያውን ለምትፈልጉ ጥቂት ነገር ልጨምር። ዋጋቸውን ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ይናገራሉ፣ በመሃል አይጨምሩም። ጉድለታቸው ሰዓት ነው፤ ጠዋት እመጣለሁ ያሉት ሰው ከቀትር በኋላ ሊደርሱ ይችላሉ፣ አርብ ደግሞ ከጁምዓ በፊት ሥራ አይዙም። በግንቦትና በሰኔ ወረፋቸው ስለሚበዛ ኤሲያችሁን ለማሳጠብ የምታስቡ በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ብትጠሯቸው ይሻላል። ቀጠሮ ከመያዛቸው በፊት የኤሲውን ቢቲዩ፣ የውጪው ክፍል የት እንደተሰቀለና የመጨረሻዎቹን ሁለት ሂሳቦች ኪሎዋት ሰዓት ስለሚጠይቁ፣ ስልካቸውን ስትጠይቁኝ እነዚህን አዘጋጅታችሁ ጠብቁ።