ካውንስሌን ስገመግመው፦ ከ5 ኮከብ 2

ሰው ሁሉ ክትፎ ቤት ይገመግማል፤ እኔ ዛሬ የምገመግመው ካውንስሌን፣ ማለትም ቤት ያከራየኝን የአካባቢ አስተዳደር ነው። ደቡብ ለንደን ነኝ። ባለ ሁለት መኝታ የካውንስል ቤት ውስጥ ከልጄ ጋር ስኖር 9 ዓመት ሞላኝ። የካውንስሉን ስም አልጽፍም፣ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ሰዎቹ ያስፈልጉኛል።

መልካሙን ላስቀድም። ኪራዩ ከግል ቤት ጋር አይወዳደርም፣ «በሁለት ወር ውስጥ ልቀቂ» የሚለኝም የለም። ቦይለሩ (ቤቱንና ውሃውን የሚያሞቀው) የተበላሸ ጊዜ በማግስቱ መጡ። ሠራተኛው ጫማው ላይ ላስቲክ አጥልቆ ገባ፣ ሠራ፣ ሻይ የጠጣበትን ኩባያ ራሱ አጥቦ ሄደ። ሁለቱ ኮከብ የእሱ ናቸው።

የቀሩትን ሦስቱን የበላቸው ሻጋታው ነው።

ጃንዋሪ 2025 ላይ የልጄን ቁም ሳጥን ለማጽዳት ሳብ ሳደርገው ጀርባው ጠቁሮ አገኘሁት። ግድግዳው ከወለሉ እስከ ወገቤ ድረስ የቡና አተላ የተደፋበት ይመስላል። እናቴ የላከችልኝ የሐበሻ ቀሚስ ጥለቱ ድረስ ነቁጥ በነቁጥ ሆኗል። ለካ ልጁ ብርዱን ሙሉ ማታ ማታ ሲስል የከረመው ወዶ አይደለም።

ደወልኩ። 40 ደቂቃ ሙዚቃ ሰማሁ፣ ከዚያ አንዲት ልጅ አንስታ ቁጥር ሰጠችኝ። ሰርቬየሩ (ቤቱን የሚመረምረው ባለሙያ) የመጣው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። ዕለቱ አርብ ነበር፣ ለቅዳሜ እንግዳ ስለነበረብኝ ሽንኩርት እያቁላላሁ ነው፣ ሰውዬው ታዲያ ግድግዳውን ከማየቱ በፊት ድስቱን አየ። «ሁልጊዜ እንዲህ ረጅም ሰዓት ነው የምታበስሉት?» አለኝ። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ለፈረንጅ ማስረዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው፣ ተውኩት። መስኮት ክፈቺ፣ ልብስ ቤት ውስጥ አታስጪ ብሎኝ ሄደ። ቀጥሎ ቀለም ቀቢ ላኩ። መድኃኒት ረጭቶ ነጭ ቀባበት፣ ክፍሉ ፏ አለ። በሦስተኛው ሳምንት ጥቁሩ በነጩ ሥር ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ።

«አኗኗራችሁ ነው» የሚሉት ነገር በጣም ያናድደኛል፣ ምክንያቱም ይሄ ክርክር ካለቀ ቆይቷል። እንግሊዝ አገር የቤቶች ኦምቡድስማን አለ፣ እኛ እንባ ጠባቂ የምንለው ዓይነት (ግድግዳው ለሚያለቅስበት ሰው ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም)። ይሄ መሥሪያ ቤት ኦክቶበር 2021 ባወጣው ሪፖርት ላይ አከራዮች በተከራይ አኗኗር ማሳበባቸውን እንዲተዉ በግልጽ ነግሯቸዋል። ከዚያ በፊት፣ ዲሴምበር 2020፣ ሮችዴል ውስጥ አዋብ ኢሻቅ የሚባል የ2 ዓመት ሕፃን ሞቷል። ወላጆቹ ከሱዳን የመጡ ናቸው። አባትየው ስለ ሻጋታው የተናገረው ገና በ2017 ነበር፣ የተሰጠው መልስም ቀለም ቀባበት የሚል ነው። ሕፃኑን የገደለው የቤቱ ሻጋታ ያመጣበት ሕመም መሆኑ በኖቬምበር 2022 በይፋ ሲነገር ሥራ ቦታ ሆኜ ሰምቻለሁ፣ ያኔ የኔ ግድግዳ ገና ነጭ ነበር።

በአዋብ ስም የወጣው ሕግ ከኦክቶበር 27፣ 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ለጤና በጣም አደገኛ የሆነ እርጥበትና ሻጋታ ስታመለክቱ አከራዩ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ መጥቶ መመርመር አለበት። ምርመራው ባለቀ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ያገኘውን በጽሑፍ ይሰጣችኋል፣ አደጋ ካለ ደግሞ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ቤቱን ከአደጋ ነፃ ያደርጋል። ድንገተኛ ከሆነ 24 ሰዓት ነው። በጊዜው ካልቻለ ማረፊያ ሊፈልግላችሁ ይገባል። ይሄ ለካውንስልና ለሃውዚንግ አሶሴሽን (ለትርፍ ያልቆሙ አከራይ ድርጅቶች) ተከራዮች ነው፤ ቴምፖራሪ (ጊዜያዊ) ቤት ያላችሁ ግን እናንተን መመልከቱን ቀድማችሁ አማካሪ ጠይቁ።

አንድ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር ደግሞ አለ። የካውንስሉ የአካባቢ ጤና ክፍል የግል አከራይ ቤት ሲሻግት ሄዶ ማስጠንቀቂያ ይጽፍበታል። ራሱ ካውንስሉ አከራይ ሲሆንስ? በራሱ ላይ መጻፍ አይችልም። እኔም መጀመሪያ የደወልኩት እዚያ ነበር፣ በትህትና አሰናበቱኝ። ስለዚህ ካውንስሉን የሚጠብቁት ሌሎች ናቸው፦ እንባ ጠባቂው፣ ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ትልልቆቹን አከራዮች በየአራት ዓመቱ እየመረመረ ከሲ1 (ከምርጡ) እስከ ሲ4 (እስከ መጥፎው) ደረጃ የሚሰጠው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ እና እኛው የመረጥናቸው ካውንስለሮች። የካውንስላችሁን ደረጃ ድረ ገጽ ላይ እዩት። የእኔው ሲ3 ነው፣ አልገረመኝም።

ኖቬምበር ላይ ስልኩን ትቼ ጻፍኩ። «በአዋብ ሕግ መሠረት እያመለከትኩ ነው» ብዬ ጀመርኩ፣ ከግድግዳው ጎን ማስመሪያ ይዤ ያነሳሁትን ፎቶና የልጄን ሐኪም ደብዳቤ አያያዝኩ። በዚያው ኢሜል ስለ ቀድሞው መጉላላት መደበኛ አቤቱታ አስገባሁ። በ5 የሥራ ቀን ደርሶናል ማለት፣ ከዚያ በ10 የሥራ ቀን መልስ መስጠት አለባቸው። መልሱ ካልጣማችሁ ሁለተኛ ደረጃ ትጠይቃላችሁ፣ ለሱ 20 የሥራ ቀን አላቸው፣ ከዚያ በነፃ እንባ ጠባቂው ጋ ነው። ቅዳሜ ደግሞ ላይብረሪ ቁጭ ብላ ነዋሪ የምታነጋግረው ካውንስለራችን ጋ ሄድኩ። ወረፋው ሦስት ሰው ነበር። ፎቶውን አይታ እዚያው ፊቴ ኢሜል ላከች፣ ስንት ወር ዝም ያለው ቢሮም ማክሰኞ ጠዋት እሱ ራሱ ደወለልኝ!

በ9ኛው ቀን ሌላ ሰርቬየር መጣች። የእርጥበት መለኪያ ይዛለች። ግድግዳውን ነካ ነካ አደረገች፣ ወደ ውጭ ወጥታ ወደ ላይ አንጋጠጠች፣ ጠራችኝ። አሸንዳው ላይ ሣር በቅሏል፣ እርግብ ጎጆ ሠርቶበታል፣ ዝናቡ በሙሉ በልጄ ግድግዳ ላይ ሲወርድ ነው የኖረው። የኔ ሽንኩርት ነፃ ወጣ።

አሁን አሸንዳው ተጠርጓል፣ ሻጋታውም በባለሙያ ተጸድቷል። ይቅርታና 250 ፓውንድ ካሳ አግኝቻለሁ፣ ቀሚሱን አይተካም። ልስኑ ግን እንደተቀረፈ ነው፣ ሁለት ጊዜ ቀጥረው ቀርተዋል፣ ለሁለቱም ቀን ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ነበር። አዲስ አበባ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው ያደግኩት፣ የሚያፈስ ጣሪያ ለማደስ አባቴ ስንቴ ቀበሌ እንደተመላለሰ አልረሳውም፤ እዚህም በሌላ ቋንቋ ያንኑ ምልልስ ይዣለሁ።

ከላይ ፎቅ ያሉት እትዬም የመኝታ ቤታቸው ጥግ ጠቁሯል። «አንቺ ልጅ፣ እኔ ከስልክ ጋር ስሟገት ዕድሜዬ አለቀ» አሉኝ። አስተርጓሚ መጠየቅ እንደሚችሉ ነገርኳቸው፣ «አንቺ እያለሽልኝ?» አሉ። ቡና አፈሉልኝ፣ ኢሜሉን አብረን ጻፍን። 10ኛው ቀን ሐሙስ ነው። ከመጡ ግማሽ ኮከብ እጨምራለሁ።