ሃሚልተን ወይስ ቡሎቫ? አሮጌ የአሜሪካ ሰዓት መግዛት ለሚያምራችሁ

«አሮጌ ሰዓት መግዛት አማረኝ፤ የትኛው ይሻለኛል?» የሚለው ጥያቄ ሰልችቶኛል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ወዳጄ ሳይጠይቀኝ ገዝቶ መጣ። የ1950ዎቹ ቡሎቫ፣ ፊቱ እንደ ወተት የነጣ፣ በ55 ዶላር። «በነፃ ማለት ነው» አለኝ። ሰዓት ሠሪ ጋ ሲወስደው 210 ዶላር ተጠየቀ፤ እሱም መለዋወጫው ከተገኘ ነው።

መልሴን እዚህ ጽፌ ልገላገል። ሃሚልተን ግዙ። ምክንያቱ ስሙ አይደለም፣ ሂሳቡ ነው።

ሰርቪስ ያልተደረገ፣ እንደ ነገሩ የሚሄድ ቡሎቫ ከ40 እስከ 80 ዶላር ይገኛል። በዚያው ይዞታ ላይ ያለ፣ ወርቅ የለበሰ ሃሚልተን ከ90 እስከ 150 ይላሉ። ልዩነቱ ያስፈራል። ሰዓት ሠሪው ግን ለሁለቱም የሚጠይቀው አንድ ነው። እኛ አካባቢ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ፣ ከ150 በታች የሚነካ ጠፍቷል፤ 250 የሚሉም አሉ። ፈትቶ፣ አጥቦ፣ ዘይት ቀብቶ መግጠም ያው ሥራ ነው። እንግዲህ ደምሩት። የ50 ዶላሩ ቡሎቫ ከ200 ዶላር ሰርቪስ ጋር 250 ገባ። ልሽጠው ብትሉ 100 ከሰጧችሁ እሰየው ነው። የ110 ዶላሩ ሃሚልተን 310 ገባ፤ ሲሸጥ 200 ገደማ ያወጣል። ሁለቱም ያከስራሉ። ውድ የተባለው ግን ኪሳራው ያንሳል። በዚያ ላይ እጃችሁ ላይ የቀረው የተሻለ ሰዓት ነው።

«እኔ ራሴ ነኝ የማድሰው» ለምትሉት ደግሞ ዋናው ጉዳይ መለዋወጫ ነው። ሃሚልተን በ1892 ላንካስተር፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ የተቋቋመ ፋብሪካ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ መሥራቱን ያቆመው በ1969 ነው። አንዱን የማሽን ዓይነት፣ ማለት ሰዓቱን የሚያስኬደውን የውስጥ ክፍል፣ ለዓመታት ብዙም ሳይቀይር ያመርት ነበር። 980 እና 982 የሚባሉትን ማሽኖች ውሰዱ። አንዱ ባለ 17 ድንጋይ፣ ሌላው ባለ 19 ነው (ድንጋይ የሚባለው ጥርሶቹ የሚዞሩበት ጠንካራ ማረፊያ ነው)፤ አብዛኛው የውስጥ ዕቃ ግን ይለዋወጣል። ከ1930ዎቹና ከ40ዎቹ ባለ አራት ማዕዘን ሃሚልተኖች ብዙዎቹን ስትከፍቱ የምታገኙት ከሁለቱ አንዱን ነው። ወርቅ በተወደደ ቁጥር ባለ 14 ካራት ወርቅ ቀፎዎች፣ ማለት የሰዓቱ የውጭ አካል፣ ወደ ማቅለጫ ይሄዳሉ፤ ማሽኑ ብቻውን በ25 እና በ30 ዶላር ይሸጣል። ያሳዝናል፤ ለእኛ ግን መለዋወጫ ሆኖልናል። እኔም አንዱን ገዝቼ ብሎኑንም ጥርሱንም እያወጣሁለት ሌሎቹን አስነስቼበታለሁ።

ቡሎቫ ጋ ስትመጡ ነገሩ ይበተናል። ድርጅቱ በ1875 ኒውዮርክ ነው የተጀመረው፤ ማሽኖቹ ግን በብዛት የሚመጡት ከስዊዘርላንድ፣ ከቢየን ከተማ ነበር። ዓይነታቸው ስፍር ቁጥር የለውም። ማሽኑ ላይ ቁጥርና ፊደል ተጽፏል፤ አንዷ ፊደል ስትለይ የሚገጥመው ዕቃም ሊለይ ይችላል። መለዋወጫ የለም አልልም፣ ሞልቷል። የእናንተን ለይቶ ማግኘት ነው ቀኑን የሚበላው። አንዳንድ ሻጭ ደግሞ «ይገጥማል» ብሎ ይልካል፤ ከገጠመ ገጠመ፣ ካልገጠመ የመመለሻውን የፖስታ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

ሁለቱም ላይ የሚያስፈራው የባላንሱ፣ ማለት ወዲያ ወዲህ እያለ ጊዜውን የሚጠብቀው ጎማ፣ ዘንግ ነው። ከ1950ዎቹ በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ ከመውደቅ የሚከላከል ነገር የላቸውም። አንዴ ከጠረጴዛ ከወደቀ ከፀጉር ብዙም የማይወፍረው የዘንጉ ጫፍ ይሰበራል። ዘንጉ ራሱ 20 ዶላር ቢሆን ነው፤ ሰዓት ሠሪው ለማስገባት የሚጠይቀው ነው ጉዱ። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ፎቶ አይበቃም፣ ክዳኑ ተከፍቶ ቪዲዮ ጠይቁ። ባላንሱ ወዲያ ወዲህ ሲል ወደ ጎን እየተንገዳገደ ከሆነ እለፉት። «መቼም አንድ ጊዜ ከተሞላ ይሄዳል» የሚል ማስታወቂያም እለፉ።

አሁን ወደ ፎርጂዱ። ሰዓቱ በሙሉ ፎርጂድ መሆኑ በዚህ ዋጋ ብዙም አያጋጥምም። የሚያጋጥመው እንደገና የተቀባ ፊት ነው። የጓደኛዬ ቡሎቫ ወተት የመሰለውም ለዚያ ነው። ሰባ ዓመት የኖረ ሰዓት ፊቱ ትንሽ ካልበለዘ ጠርጥሩ። የደቂቃ መስመሮቹን በአጉሊ መነጽር እዩ፤ አንዱ ወፍሮ ሌላው ቀጥኖ፣ የስሙ ፊደል አብጦ ካያችሁ በእጅ የተነካካ ነው። ፊቱ ሲወጣ ጠርዙ ላይ፣ 3 ቁጥር አጠገብ፣ ትንሽ የሞረድ ጭረት ካለ ደግሞ ቀቢው ለምልክት የተዋት ልትሆን ትችላለች። ሃሚልተን እዚህም ይሻላል። ውድ ከነበሩት ሞዴሎቹ ብዙዎቹ ፊታቸው ብር፣ ቁጥሮቹ ተለጥፈው የቆሙ 18 ካራት ወርቅ ናቸው። ቀቢ ቢያበላሸው እንኳ ቁጥሩ እዚያው አለ። ቁጥሮቹ በጨለማ የሚያበሩ ከሆኑ ግን፣ የማንም ሥራ ይሁን፣ ፊቱን እንዳትፍቁ። የድሮው ማብሪያ ራዲየም የሚባል ጨረር የሚያወጣ ነገር ነው፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ መግባት የለበትም።

ቡሎቫን የማመሰግንበት አንድ ነገር አለ። ከ1950 ጀምሮ ቀፎውም ማሽኑም ላይ የዓመት ምልክት አለ። ኤል (L) 1950ዎቹ፣ ኤም (M) 1960ዎቹ፤ ኤል 7 ማለት 1957 ነው። ቀፎው ኤል 3፣ ማሽኑ ኤም 1 ካለ ከሁለት ሰዓት የተገጣጠመ ነው፣ አትግዙት። ሃሚልተን እንዲህ ያለ ቀላል መለያ የለውም። የክዳኑን ውስጥ አንብቡ፤ የሃሚልተን ስም ከሌለበት ማሽኑ ሌላ ቀፎ ውስጥ የገባ ነው ማለት ይቻላል።

ቀፎው ላይ የተጻፈውንም አትዝለሉ። «ጎልድ ፊልድ» (ወርቅ የለበሰ) ከሆነ በአሜሪካ ሕግ የወርቁ ክብደት ቢያንስ ከጠቅላላው ብረት ከሃያ እጅ አንዱ ነው። ርካሽ ቡሎቫዎች ላይ የሚበዛው «ሮልድ ጎልድ ፕሌት» ግን ከዚያ ይሳሳል፤ ማዕዘኑ ላይ ቶሎ ነሐሱ ይታያል። ሻጩ አሳምሮ ወልውሎት ከሆነ ደግሞ ተወልውሎ ያለቀው ወርቁ ነው።

ሃሚልተን የሚል ሁሉ አንድ እንዳይመስላችሁ። «ቲን ኦ ማቲክ» የሚባለው ሞዴል ውስጡ የስዊዝ ማሽን ነው፤ መለዋወጫው ያስለቅሳል። ዛሬ በሱቅ የሚሸጠው «ቦልተን» ደግሞ የ1941ዱ ቦልተን ስምና መልክ ነው እንጂ ላንካስተርን አያውቃትም፤ በባትሪ የሚሄድም አለው። በ1957 የወጣው ባለ ባትሪው ቬንቹራም መልኩ ያማልላል፣ ለጀማሪ ግን አይሆንም። አኩትሮን የሚባለው ባለ ባትሪው ቡሎቫም እንደዚያው። በሰከንድ 360 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ፣ 2.4 ሚሊሜትር ስፋት ባላት ጎማ ላይ 300 ጥርሶች ያሉት ነገር ነው። ወድጄዋለሁ። እጄን ግን አላስገባበትም።

ገንዘብ ያጠራችሁ እንደሆነ ከቡሎቫ በፊት ኤልጂን የሚባለውን ሌላ አሮጌ የአሜሪካ ሰዓት እዩ። ባለ 21 ድንጋዩ ሎርድ ኤልጂን የኢሊኖይ ሥራ ነው፤ ስሙ ስላልገነነ በ60 እና በ80 ዶላር ይገኛል። ዋልታም የሚባለው የአሜሪካ ሰዓት ግን በ1957 ፋብሪካው የተዘጋ ስለሆነ ከዚያ በኋላ በስሙ የወጣው ሌላ ነው፤ ተጠንቀቁ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ እነዚህ ሰዓቶች ትንንሽ ናቸው። ለአባታችሁ ስጦታ ልትልኩ ካሰባችሁ «የሴት ሰዓት ላከልኝ» ሊባል ይችላል።

የእኔ ጣሪያ ይኼው ነው። ፊቱ ያልተነካ፣ 980 ወይም 982 ያለበት፣ ነሐሱ ያልወጣ ሃሚልተን እስከ 130 ዶላር። ሰርቪስ ተደርጎ ደረሰኝ ካለው እስከ 240። ፊቱ የተቀባ ከሆነ 60፣ ከዚያ በላይ አንዲት ሳንቲም አልጨምርም።